ምርጫ ክልልና ቀበሌ አንድ ናቸው እንዴ? የልጆች ጥያቄ ከደሴና ከኮምቦልቻ

በዚህ ወር ለልጆች ገጽ የመጣው ደብዳቤ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከደሴና ከኮምቦልቻ ነው። ነገሩ ሲጣራ አንድ መምህር «የተወካዮች ምክር ቤት የምርጫ ክልል ምንድን ነው?» የሚል የቤት ሥራ ሰጥተው ኖሯል። ጥቂቶቻችሁማ «ጋሼ፣ ሰኞ ስለምናስረክብ ቶሎ ይላኩልን» ብላችኋል። መጽሔቱ የሚወጣው በወር አንዴ ነው፤ ሰኞው ካለፈ ቆየ። ጥያቄዎቹ ግን ጥሩ ናቸው፣ አንዳንዶቹ እንዲያውም ከትልልቅ ሰዎች ጥያቄ ይበልጣሉ፣ ስለዚህ ገጹን በሙሉ ለእናንተ ለቅቄዋለሁ።

«ጋሼ፣ ምርጫ ክልልና ቀበሌ ልዩነታቸው ምንድን ነው? አባቴ አንድ ነው ይላል። እናቴ አይደለም ትላለች።» (የ5ኛ ክፍል ተማሪ፣ ሰኞ ገበያ፣ ደሴ)

እናትሽ ልክ ናቸው። አባትሽ ላይ ግን እንዳትስቂ፣ ብዙ ሰው እንደሳቸው ነው የሚያስበው።

ቀበሌ መታወቂያ የሚወጣበት፣ ሠራተኛ ያለው፣ ማኅተም ያለው፣ ወረፋ ያለው ቦታ ነው። ዓመቱን ሙሉ አለ። የምርጫ ክልል እንዲህ አይደለም። ለአንድ ጉዳይ ብቻ ካርታ ላይ የተከለለ ቦታ ነው፤ እዚያ ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች ተሰብስበው አንድ ሰው መርጠው አዲስ አበባ ወደሚገኘው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንዲልኩ። በቃ። አገሪቱ በሙሉ እንዲህ እየተከለለች 547 ቦታ ተከፍላለች። ከእነዚህ ውስጥ 138ቱ አማራ ክልል ውስጥ ናቸው። እዚህ ላይ ተጠንቀቂ፣ አማራ ክልል ትልቁ ነው፣ የምርጫ ክልሎች ደግሞ ውስጡ ያሉ ትንንሽ ክፍሎች ናቸው። ፈተና ላይ ይህን የሚያምታታ ተማሪ አይጠፋም።

ትምህርት ቤታችሁን አስቢው። 5ኛ ሀ የራሱን አለቃ ይመርጣል፣ 5ኛ ለም የራሱን። የ5ኛ ሀ ልጅ የ5ኛ ለን አለቃ መምረጥ አይችልም፤ ምንም ያህል ጓደኛው ቢሆን። ከዚያ አለቆቹ ሁሉ ከርእሰ መምህሩ ጋር ቁጭ ብለው ስለ መላው ትምህርት ቤት ይነጋገራሉ። የምርጫ ክልል ማለት ያ ክፍል ነው። አለቃው ደግሞ ተወካዩ ነው።

«ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ መስመሩን አላየሁትም። የት ነው ያለው?» (የ9 ዓመት ልጅ፣ ኮምቦልቻ)

አታየውማ! ሀረጎን ስትወርድ የምታየው ጠመዝማዛ መንገድና ጭነት መኪና ነው፣ ከታች ደግሞ ቦርከና። የምርጫ ክልል አጥር የለውም፣ ኬላ የለውም፣ ድንጋይም አልተተከለበትም። አንዱን ምርጫ ክልል ለቅቀህ ሌላው ውስጥ ስትገባ ታክሲው እንኳ አይንገጫገጭም።

ብዙውን ጊዜ መስመሩ የወረዳን ወሰን ተከትሎ ይሄዳል። ሰው የበዛበት ቦታ ከሆነ ደግሞ ለሁለት ወይም ለሦስት ይከፈልና ስሙ መጨረሻ ላይ 1፣ 2 እያለ ቁጥር ይጨመርበታል። የእናንተ ቤት በየትኛው እንዳለ ማወቅ ከፈለግህ ከእናትህ ወይም ከአባትህ አንዱ በምርጫው ሰሞን የወሰዱት የመራጭነት ካርድ ካለ እሱን ለምነህ እይ። የምርጫ ክልሉም የምርጫ ጣቢያውም ስም እዚያ ላይ ተጽፏል። አይተህ መልስላቸው ብቻ፣ እንዳትጥለው።

«ባለፈው ምርጫ እማዬ ጣቷ ጠቁሮ መጣች። ለምንድን ነው?» (የ2ኛ ክፍል ተማሪ፣ ደሴ፤ ደብዳቤውን የጻፈችለት እህቱ ናት)

ቶሎ የማይለቅ ቀለም ነው። ድምፅ የሰጠ ሰው ዞሮ መጥቶ ሁለተኛ እንዳይሰጥ ጣቱ ላይ ይቀባል። በሳሙናም በኖራም አይለቅም፣ ራሱ ቀስ እያለ ነው የሚጠፋው።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገርህ። እናትህ የሄዱት ምርጫ ጣቢያ ነው፤ ምርጫ ጣቢያ ከምርጫ ክልል በጣም ያነሰ ነው። በ2013ቱ ምርጫ አንድ ጣቢያ ከ1,500 በላይ መራጭ እንዳይመዘግብ ተብሎ ነበር፣ ስለዚህ አንድ የምርጫ ክልል ውስጥ ብዙ ጣቢያ ይኖራል። ጣቢያው ትምህርት ቤት ሊሆን ይችላል፣ ድንኳንም ሊሆን ይችላል። ሰልፉ ላይ ቆመው፣ ካርዳቸውን አሳይተው፣ ስማቸው መዝገቡ ላይ ተፈልጎ፣ የድምፅ መስጫ ወረቀት ተቀብለው፣ ብቻቸውን ወደ መጋረጃው ጀርባ ገብተዋል። ሁለት ወረቀት ነው፤ አንዱ ለተወካዮች ምክር ቤት፣ አንዱ ለክልሉ ምክር ቤት። ማንበብ የማይችል ሰው እንዳይቸገር ከእያንዳንዱ ዕጩ ስም አጠገብ ምልክት አለ። የዱሮው ገዥ ፓርቲ የኢሕአዴግ ምልክት ንብ ነበረ፣ አያቶችህን ብትጠይቅ ያስታውሱታል። እናትህ የፈለጉት ዕጩ ጎን ምልክት አድርገው ወይም የጣት አሻራቸውን አኑረው ወረቀቱን አጥፈው ሳጥን ውስጥ ከተቱ። ማንን እንደመረጡ ማንም አያውቅም፣ አንተም አትጠይቃቸው፣ መናገር ግዴታቸው አይደለም።

ማታ ሳጥኑ እዚያው ጣቢያው ላይ ተከፍቶ ይቆጠራል፤ ውጤቱም በር ላይ ይለጠፋል። ከየጣቢያው የመጣው ቁጥር ምርጫ ክልሉ ላይ ሲደመር አሸናፊው ይታወቃል።

«እኔ 12 ዓመቴ ነው። የምመርጠው 18 ሲሞላኝ ነው። ታዲያ እስከዚያ ድረስ ምርጫ ክልል ምን ያገባኛል?» (ደሴ፣ ሆጤ)

ይህን ደብዳቤ ሳነብ ሳቅኩ፣ ቀጥሎ ግን አሰብኩበት። በጣም ያገባሃል። ምክንያቱን በሂሳብ ላሳይህ።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ላይ የምክር ቤቱ መቀመጫ የሚወሰነው በሕዝብ ብዛት ነው ይላል። ቁጥሩ ከ550 እንዳይበልጥ፣ ከዚያ ውስጥም ቢያንስ 20ው ቁጥራቸው አነስተኛ ለሆነ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች እንዲሆን ተጽፏል። ልብ በል፣ የሚለው «በሕዝብ ብዛት» ነው። «በመራጭ ብዛት» አይልም። ሕዝብ ሲባል አንተም አለህበት፣ ገና ጡት የምትጠባው እህትህም አለችበት። ቆጣሪዎቹ ቤታችሁ መጥተው «ስንት ናችሁ?» ሲሉ አባትህ ስድስት ካሉ ስድስቱም ይቆጠራሉ።

በ1999ኙ ቆጠራ ኢትዮጵያ 73.9 ሚሊዮን ያህል ሰው ነበራት። ለ547 አካፍለው፤ ለአንድ የምርጫ ክልል በአማካይ 135 ሺህ ገደማ ይደርሳል። በዚያው ቆጠራ ደሴ በዙሪያዋ ካሉት የገጠር ቀበሌዎች ጋር ሆና ከ150 ሺህ በላይ ነበረች፣ ኮምቦልቻ ከተማ ደግሞ ከ58 ሺህ በላይ። አሁን ኢትዮጵያ ከ100 ሚሊዮን አልፋለች። 100 ሚሊዮኑን ብቻ እንኳ ይዘህ ለ547 ብታካፍለው ለአንዱ ከ180 ሺህ በላይ ነው የሚደርሰው። ሰዉ ጨምሯል፣ መቀመጫው ያው ነው። ስለዚህ አንድ ተወካይ የሚሸከመው የሰው ቁጥር ከዱሮው እጅግ ከብዷል፤ ከዚያ ውስጥ ደግሞ ስንቱ እንዳንተ ያለ መምረጥ የማይችል ልጅ እንደሆነ አስበው። እሱ አንተንም ወክሎ ነው የሚቀመጠው። ድምፅህን ስላልሰጠኸው አንተን የመወከል ሥራው አይቀርለትም።

የክፍልህ አለቃ ወደፊት ለምክር ቤቱ መመረጥ ቢፈልግ ደግሞ፣ ዕጩ ለመሆን ዕድሜው 21 መሙላት አለበት። ለመምረጥ 18፣ ለመመረጥ 21። እዚያው አካባቢ ቢያንስ ስድስት ወር የኖረ ካልሆነ ደግሞ እንደ መራጭ አይመዘገብም።

«አንድ ሰው ለማሸነፍ ከግማሽ በላይ ማግኘት አለበት አይደል?» (የ7ኛ ክፍል ተማሪ፣ ኮምቦልቻ)

አይደለም! እዚህ ላይ መምህራንም ሲሳሳቱ አይቻለሁ።

በኢትዮጵያ ሕግ ከሌሎቹ በአንድ ድምፅ እንኳ የበለጠ ያሸንፋል። እንበልና በአንድ የምርጫ ክልል 10,000 ሰው ድምፅ ሰጠ። አንደኛው ዕጩ 4,000 አገኘ፣ ሁለተኛው 3,500፣ ሦስተኛው 2,500። አንደኛው አለፈ። ግን ደምሪው፤ 6,000 ሰው እሱን አልመረጠም! ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሰው ሌላ ነበር የፈለገው፤ ሆኖም ሁለተኛና ሦስተኛ የወጡት አንድ መቀመጫ እንኳ አያገኙም። የነሱ መራጮች ድምፅ ተቆጥሯል፣ ወረቀት ላይም ሰፍሯል፣ ምክር ቤት ውስጥ ግን ቦታ አልያዘም።

ይህ አሠራር ትልቅ ሲሆን ምን እንደሚመስል ለማየት ሁለት ምርጫ እጠቅስልሻለሁ። በ1997 አዲስ አበባ ካሏት 23 መቀመጫዎች ሁሉንም ተቃዋሚው ቅንጅት ወሰደ። በ2007 ደግሞ በአገሪቱ ያሉትን 547 መቀመጫዎች በሙሉ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ወሰዱ። አዲስ አበባ ውስጥ ሌላ የመረጠ ሰው ጠፍቶ ነው? በ2007ስ? አልነበረም። በየምርጫ ክልሉ ሁለተኛ የወጣው ሁሉ ባዶ እጁን ስለሚሄድ ነው። ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ የሚለውን ትልልቆቹም ገና ሲጨቃጨቁበት ነው ያሉት። በኔ በኩል ቀላልነቱን እወደዋለሁ፤ ማን እንደወከለሽ በስም ታውቂያለሽ። ከ10 ሰው 6ቱ ያልፈለገው ሰው ሲገባ ግን ደስ አይለኝም።

ሌሎች አገሮች ሌላ መንገድ ይሄዳሉ። ፈረንሳይ 577 የምርጫ ክልሎች አሏት፣ እዚያ አንድ ሰው በመጀመሪያው ዙር ከግማሽ በላይ ካላገኘ ከፊት የወጡት ሰዎች ሁለተኛ ዙር ይወዳደራሉ። እስራኤል ጭራሽ አልከፋፈለችም፤ አገሪቱ በሙሉ እንደ አንድ የምርጫ ክልል ናት፣ 120ው መቀመጫ ፓርቲዎች ባገኙት ድምፅ ልክ ይከፋፈላል። እዚያ «የኛ ሰፈር ተወካይ» የሚባል ነገር የለም።

«ከደሴ የተመረጠ ሰው ለደሴ ብቻ ነው የሚሠራው?» (ስምና ዕድሜ የለውም)

ሕገ መንግሥቱ የምክር ቤቱ አባላት የመላው ሕዝብ ተወካዮች ናቸው ይላል። ሊገዛቸው የሚገባውም ሕገ መንግሥቱ፣ የሕዝቡ ፈቃድና ኅሊናቸው ነው። ስለዚህ ከደሴ የተላከ ሰው ጎዴ ወይም ጅማ ውስጥ ስላለ ልጅ ትምህርት የሚመለከት ሕግ ሲቀርብ «እኔን አያገባኝም» ማለት አይችልም። ለአምስት ዓመት ነው የሚመረጠው። ምክር ቤቱ ሥራ የሚጀምረው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ነው፣ እስከ ሰኔ 30 ይቆያል፣ መሐል ላይ የአንድ ወር ዕረፍት አለው። ዕረፍት ሲባል ቤት መተኛት አይደለም ታዲያ፤ ወደመረጣቸው ሕዝብ ሄደው የሚያወያዩበት ጊዜም ነው።

ካልሠራስ? መራጩ ሕዝብ አመኔታ ሲያጣበት ከቦታው ሊያነሳው እንደሚችል እዚያው አንቀጽ 54 ውስጥ ተጽፏል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሌላም ምክር ቤት አለ፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤት። እሱ በምርጫ ክልል አይደለም የሚሞላው፣ ብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ናቸው የሚወከሉበት። ለዛሬ እዚህ ላይ እንተወው።

«መቀመጫ ባዶ ሊሆን ይችላል?» (ደሴ፣ ፒያሳ)

ይችላል። በ2013 ትግራይ ውስጥ ድምፅ ስላልተሰጠ 38 መቀመጫ ባዶ ቀርቷል። ድምፅ ካልተሰጠ የሚቀመጥ ሰው የለም።

«አያቴ በጃንሆይ ጊዜም ምርጫ ነበር ይላሉ። እውነት ነው?» (የ6ኛ ክፍል ተማሪ፣ ደሴ)

እውነታቸውን ነው። አጠገባቸው ቁጭ በይና ሁሉንም አስነግሪያቸው፣ ከኔ መልስ የሳቸው ይሻላል።

መጀመሪያ ግን ሕዝቡ አልመረጠም። በ1923 ዓ.ም. በወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ፓርላማ ተቋቋመ፤ የሕግ መምሪያ የሚባለው ምክር ቤት አባላትን የሚመርጡት መኳንንቱና ሹማምንቱ ነበሩ። ሕዝቡ ራሱ የሚመርጥበት ነገር የመጣው በ1948 በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነው። አያትሽ የሚሉት ይሄንን መሆን አለበት። በዚያ ሕግ 200 ሺህ ያህል ሰው የያዘ ቦታ አንድ የምርጫ ክልል ይሆንና ሁለት እንደራሴ፣ ማለትም ተወካይ፣ ይልካል። ከ30 ሺህ በላይ ሰው ያለበት ከተማ ደግሞ ለብቻው አንድ ይጨመርለታል፤ ከዚያ በላይ ላለው ለየ50 ሺሁ ሌላ አንድ። ደሴ ያኔ የወሎ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች፣ ስለዚህ እዚህ ያደጉ ሽማግሌዎች ነገሩን ቢያስታውሱት አይገርምም።

ለመምረጥ 21 ዓመት መሙላት ነበረበት። ለመመረጥ 25፣ በዚያ ላይ ንብረት ያስፈልጋል። ምንም የሌለው ሰው እንደራሴ መሆን አይችልም ማለት ነው። ፓርቲ የሚባል አልነበረም፤ እያንዳንዱ ዕጩ በራሱ ስም ነው የሚወዳደረው። ሴቶችም ይመርጡ ነበር። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በዚያ ጊዜ ተመርጠው የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ሆነዋል።

«ሰው የማይኖርበት ቦታ የምርጫ ክልል መሆን ይችላል? ለምሳሌ ጦሳ ተራራ ጫፍ ላይ?» (የ10 ዓመት ልጅ፣ ሸዋ በር)

እንዴት ያለ ጥያቄ ነው! እኛ ዘንድ አይሆንም። እንግሊዝ ውስጥ ግን ሆኖ ያውቃል።

ኦልድ ሳረም የሚባል ኮረብታ አለ። በጥንት ዘመን ከተማ ነበረበት፣ ሰዉ እየለቀቀ ሄደና ባዶ ሆነ። መብቱ ግን አልተነሣም። ኮረብታው ላይ ከብት እየጋጠ፣ መሬቱን በያዙት ጥቂት ሰዎች ድምፅ ሁለት ተወካይ ለንደን ይልክ ነበር። በዚያው ጊዜ ማንቸስተርን የመሰለ ፋብሪካ የሞላበት ትልቅ ከተማ የራሱ ተወካይ አንድም አልነበረውም። ይህ ጉድ የቀረው በእነሱ አቆጣጠር በ1832 ሕጉ ሲሻሻል ነው። አሁን እንግሊዝና አብረዋት ያሉት አገሮች 650 የምርጫ ክልሎች አሏቸው፣ የሰዉ ቁጥር እንዳይራራቅም መስመሩ በየጊዜው ይታያል።

መስመሩን የሚያሰምረው ሰው ተንኮለኛ ሲሆን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1812 አሜሪካ ውስጥ፣ ማሳቹሴትስ፣ ኤልብሪጅ ጄሪ የሚባል ገዥ የራሱ ፓርቲ እንዲያሸንፍ ተብሎ የተሰመረ ካርታ ላይ ፈረመ። ከምርጫ ክልሎቹ አንዱ ተጣሞ ተጣሞ እንሽላሊት መሰለ፣ ጋዜጣም ክንፍና ጥፍር ጨምሮበት ሥሎ አወጣው። ከሰፈራችሁ ካርታ ላይ አንድ ቀጭን መስመር ተጎትቶ ሩቅ ሰፈር ድረስ ሄዶ ሲመለስ ካየህ ማን እንዳሰመረውና ለምን እንደሆነ ጠይቅ።

«ሰፈራችን ውሃ በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው። ለተወካያችን ደብዳቤ ልጻፍ?» (የ8ኛ ክፍል ተማሪ፣ ኮምቦልቻ)

ጻፊ። መጀመሪያ ግን ለማን እንደሚጻፍ እንለይ፣ አለበለዚያ ደብዳቤሽ ከመሳቢያ መሳቢያ ይዞራል።

የተወካዮች ምክር ቤት አባል ሥራው ለአገር ሕግ ማውጣት፣ የአገሪቱን በጀት ማጽደቅ፣ ሚኒስትሮችን ጠርቶ መጠየቅ ነው። የሰፈርሽን ቧንቧ የሚጠግን ሰው መላክ የሱ ሥራ አይደለም። ለእሱ ከተማ አስተዳደሩና የከተማው ምክር ቤት አሉ፤ ውሃ አገልግሎቱም አለ። ስለዚህ የመጀመሪያው ደብዳቤ ወደነሱ ይሂድ። ቀኑን ጻፊ፣ ውሃው የሚመጣበትን ቀንና የሚቆይበትን ሰዓት ጻፊ፣ ጎረቤቶች ይፈርሙበት፣ አንድ ቅጂ ለራስሽ አስቀሪ። «በጣም ተቸግረናል» ብቻ ብለሽ እንዳትልኪው። «ማክሰኞ ሌሊት መጥቶ ከመንጋቱ በፊት ይሄዳል» የሚለው ይበልጣል።

ለተወካዩ ደግሞ ሌላ ደብዳቤ ይጻፍ፣ የሱን ሥራ የሚነካ ጥያቄ ያለበት። ለምሳሌ ስለ ትልልቅ የውሃ ፕሮጀክቶች የፌዴራል በጀት ምክር ቤት ሲቀርብ ምን ብለው እንደጠየቁ። የመረጡት ወላጆችሽ ስለሆኑ ከታች እነሱም ይፈርሙ፣ ያንቺም ስም ከነክፍልሽ ይኑርበት። ዕረፍት ላይ ሲመጡ ስብሰባ ከተጠራ ደብዳቤውን በእጅ ስጪያቸው፣ በፖስታ ከመላክ ይሻላል። መልስ ካገኘሽ ለኛም ላኪልን፣ እናወጣዋለን።